ክርክር፦ የማኅበር ቤት ፈቃድ በ30 ቀን ካልተመለሰ እንደጸደቀ ይቆጠር?

ጥያቄ አቅራቢ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኸው። አዲስ አበባ ውስጥ በማኅበር ተደራጅተው ቤት የሚሠሩ ሰዎች የግንባታ ፈቃድ ጠይቀው በ30 ቀን መልስ ካጡ፣ እንደተፈቀደላቸው ይቆጠር? እኔ ይቆጠር ባይ ነኝ። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከ800 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ አብዛኛው ዛሬም ዕጣ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ዓመት አልበቃ ብሎ፣ በራሴ ልሥራ ያለውን ደግሞ ቢሮ በር ላይ ማስቆም ግፍ ነው።

የማኅበር ጸሐፊ፦ እደግፋለሁ፤ እኛን የገደለን ግን ቀኑ ሳይሆን አስተያየቱ ነው። ፕላናችን መጀመሪያ የተመለሰው የመኪና ማቆሚያ አነሰ ተብሎ ነው። አስተካከልን። በሁለተኛው ዙር ሌላ ባለሙያ አየውና ሕንፃው ከአጥሩ ያለው ርቀት አይበቃም አለ። ርቀቱ እኮ በመጀመሪያውም ወረቀት ላይ ያው ነበር! አርክቴክቱ ለእያንዳንዱ ማሻሻያ ያስከፍለናል። አንድ አባላችን ተማሮ ድርሻዬን መልሱልኝ ብሎ ወጣ። ቢሮው ያለውን አስተያየት በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጻፍ። ኋላ አዲስ ነገር መምዘዝ ይከልከል።

መሃንዲሱ፦ ወገኖቼ፣ “ዝም ካለ ጸድቋል” ያስፈራኛል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን ምድብ “ሐ” ውስጥ ነው ያስገባው፣ ጠበቅ ያለ ምርመራ ከሚፈልገው ጋር። ፎቁ በዛ ያለ የማኅበር ቤት እዚያ ውስጥ ይገባል። አቃቂ ወይም ቦሌ ቡልቡላ ሄዳችሁ ጥቁሩን አፈር እዩ። ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ይህን ሳይቆጥር የተሰላ መሠረት ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። ፋይሉን ማንም ስላልከፈተው ጸድቋል ማለት፣ ማንም ሳያየው ሰው ይግባበት ማለት ነው።

የማኅበር ጸሐፊ፦ ኢንጂነር፣ ቢሮው ሲያየውስ አፈሩን ያያል? ወረቀቱን ነው የሚያየው።

መሃንዲሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ስለዚህ የሕንፃው ዲዛይን አንድ ጊዜ ይመርመርና ለሁሉም ማኅበር ይፈቀድ። ኮንዶሚኒየሙ እኮ የተወሰኑ የብሎክ ዓይነቶች ከሳይት ሳይት ተደጋግመው ነው የተሠሩት። ለእያንዳንዱ ቦታ የአፈር ምርመራው፣ መሠረቱና የቦታ አቀማመጡ ብቻ ይታይ። ያኔ 30 ቀንም ይበዛል።

ከሎስ አንጀለስ፦ እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ከንቲባ ካረን ባስ በታኅሣሥ 2015 ሥራ እንደጀመሩ መመሪያ አወጡ። ሙሉ በሙሉ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሠራ ቤት በ60 ቀን ውስጥ የፕላን ውሳኔ ያግኝ የሚል ነው። አልሚው ጎረፈ። ከስድስት ወር በኋላ ግን ነጠላ ቤቶች ያሉባቸው ሰፈሮች ከመመሪያው ወጡ። ተከራዮችም በዚህ ሰበብ ቤታችን ሊፈርስብን ነው ብለው ጮኹ። ደግሞ ልብ በሉ፣ መመሪያው ቢሮው ቶሎ ይወስን ነው ያለው፤ አይመርምር አላለም።

ተከራይ ነኝ፦ የተከራዮቹን ነገር አትለፉት። “አቅምን ያገናዘበ” የሚል የተለጠፈበት ሁሉ ይፈጥናል ከተባለ፣ ነገ ሪል ስቴቱ ሁሉ ይለጥፈዋል። የቤቱ ዋጋ ጣሪያ ፈቃዱ ላይ ይጻፍ። 40/60 የሚባለው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ራሱ ለማን ሆነ? 40 በመቶውን ቆጥቡ ሲባል እኔ ዞር ብዬም አላየሁት።

ጡረተኛው የቢሮ ሰው፦ ልጆች፣ ፈራሚውንም እዩለት። ፈርሞ ቤቱ ቢሰነጠቅ እሱ ይጠየቃል። ባይፈርም የሚጠይቀው የለም። ታዲያ ለምን ይፈርማል? የኮምፒውተር ሲስተም ይፈታዋል ካላችሁ ደግሞ ሐምሌ 2014ን አስታውሱ። የ25,791 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ፣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ፣ ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ፋይሉን ማን፣ መቼ እንደከፈተው ለባለጉዳዩ በስልኩ ይታይ። ይቺ ብቻ ብትሆን በር ላይ ከሚቆመው ደላላ ግማሹ ሥራ ይፈታል።

ጥያቄ አቅራቢ፦ ጋሼ፣ ቅጣት የሌለው ቀነ ገደብ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። አገልግሎቱ በስንት ቀን እንደሚያልቅ የሚናገረው የዜጎች ቻርተር ያልተለጠፈበት መሥሪያ ቤት የት አለ? ዝምታው ዋጋ ካላስከፈለ ማን ይቸኩላል?

ጡረተኛው የቢሮ ሰው፦ ዋጋማ ይክፈል። ቀኑ ሲያልፍ የአገልግሎት ክፍያው ለማኅበሩ ይመለስ፣ ፋይሉም በራሱ ጊዜ ወደ በላይ ኃላፊ ይሂድ። ስሌቱ ቢሳሳት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሌቱን የሠራው አማካሪ ይሁን። ያኔ ፈራሚው እጁ አይንቀጠቀጥም።

መሃንዲሱ፦ በዚህ እስማማለሁ። አማካሪው ግን የሙያ ዋስትና ይግባ፤ ያለዚያ ተጠያቂነቱ ባዶ ነው።

ተከራይ ነኝ፦ ፈቃዱ በ30 ቀን ወጣ እንበል። ውሃና መብራቱስ? ስንቱ ነው የኮንዶሚኒየም ቁልፍ ተረክቦ ውሃ በጀሪካን ያመላለሰው?

የማኅበር ጸሐፊ፦ ኧረ ትራንስፎርመር አታስታውሰኝ! እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ነገ ክፈቱትና እኔ እጀምራለሁ።