መድኃኒቴን መውሰዴን እየረሳሁ ነው፤ ከቫይረሱ ይሆን፣ ከመድኃኒቱ ወይስ ከዕድሜ?

ጥያቄ

የተከበራችሁ አባላት፣ ዕድሜዬ 53 ሲሆን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆኖኛል። በፊት ኢፋቪሬንዝ ያለበትን ኪኒን እወስድ ነበር፤ አሁን ግን ዶልቴግራቪርን፣ ቴኖፎቪርንና ላሚቩዲንን አንድ ላይ የያዘውን ኪኒን በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እወስዳለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ኪኒን ያመለጠኝ ቀን በጣት የሚቆጠር ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። የስልኬ ማንቂያ ሲጮኽ አጠፋዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ኪኒኑን ልውሰድ አልውሰድ ጨርሶ ትዝ አይለኝም። ባለፈው ወር ጠርሙሱን ስቆጥር ሊቀር ከሚገባው 4 ኪኒን ተርፎ አገኘሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ ሁለቴ ሳልወስድ እንዳልቀረሁ እጠረጥራለሁ። ከዚህ ሌላ የጀመርኩት ንግግር መሐል ላይ ይጠፋብኛል፤ የቤት ወጪ ሒሳብ መሥራትም እንደ ድሮው አይቀለኝም። የመጨረሻው የቫይረስ መጠን ምርመራዬ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ እንደማይታይ ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ከተመረመርኩ 10 ወር አልፎኛል። አንዲት ወዳጄ መድኃኒቱን ለጥቂት ሳምንታት አቋርጬ አእምሮዬን እንዳሳርፍ መክራኛለች። ለሚከታተሉኝ ባለሙያዎች እንዳልነግር ደግሞ «ቸልተኛ ሆነች» ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ መድኃኒት ከጀመረ 19 ዓመት ከሆነው አባል

እኅቴ፣ የማቋረጡን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ምክንያቱን ባለሙያዎች ያብራሩልዎታል። እኔ ላነሣ የምፈልገው ሌላ ነጥብ ነው። ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት የገጠመዎት ሁለት ዓይነት መርሳት ነው፤ አንደኛው ሰዓቱ ሲደርስ ሳይወስዱ መቅረት ሲሆን፣ ሁለተኛው ወስደው ሲያበቁ መውሰድዎን አለማስታወስ ነው። ማንቂያ የሚጠቅመው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ለ16 ዓመት በየቀኑ የተደጋገመን ሥራ እጅ በራሱ ይሠራዋል፤ ልብ ሳይባል የተሠራ ነገር ደግሞ ትዝታ አይተውም። በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ «ቆልፌ ይሆን?» ብሎ የሚመለስ ጤነኛ ሰው ስንት አለ!

እኔም በዚህ ስቸገር በመጀመሪያ የማንቂያዎቼን ቁጥር ወደ ሦስት አሳደግኩ፤ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ሦስት ማንቂያ ማጥፋትን መልመድ ብቻ ነበር። መፍትሔ የሆነኝ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበት ባለ 7 ክፍል የኪኒን ሳጥን ነው። የማክሰኞው ክፍል ባዶ ከሆነ ወስጃለሁ፤ ኪኒኑ ካለ አልወሰድኩም፤ ከራሴ ጋር የምከራከርበት ነገር አይኖርም። ሳጥኑን ከጥርስ ብሩሼ አጠገብ አስቀምጬ ሰዓት መጠበቁን ተውኩና ጥርሴን ከመቦረሼ በፊት መውሰድን ልማድ አደረግኩ። ማንቂያውንም ብቻውን አልተውኩትም፤ ኪኒኑ አፌ ውስጥ ሳይገባ አላጠፋውም።

መልስ 2፦ ከፋርማሲ ባለሙያ

ወንድማችን የሰጡት ምክር ትክክል ነው፤ አንድ እርማት ብቻ አለኝ። የጥርስ ብሩሽ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ በመሆኑ እርጥበት ኪኒኑን ያበላሻል። ሳጥኑ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ከአንድ ሳምንት በላይ የሚሆን ኪኒንም አይሙሉበት፤ ቀሪው ኪኒን እርጥበት ከሚመጠው ከረጢት ጋር በራሱ ጠርሙስ ተከድኖ ይቆይ።

አንድ ቀን በስሕተት ሁለቴ መውሰድዎ ብዙ ሊያሳስብዎ አይገባም። ለምሳሌ ሪፋምፒሲን ያለበትን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የሚከታተሉ ሰዎች ዶልቴግራቪርን በቀን ሁለት ጊዜ እንዲወስዱ ይታዘዝላቸዋል። የኩላሊት ችግር ካለብዎ ግን በቴኖፎቪር ምክንያት ሳይዘገዩ ይንገሩን። ሰዓቱ ያለፈበትን ኪኒን እንዳስታወሱ ይውሰዱ፤ ለሚቀጥለው ከ4 ሰዓት ያነሰ ከቀረው ግን የቀረውን ትተው በመደበኛው ሰዓት ይቀጥሉ፤ ለማካካስ ብለው ሁለት አይውሰዱ። መውሰድዎን ሲጠራጠሩ ጠርሙሱ ይመስክር፦ 90 ኪኒን ተቀብለው 40 ቀን ከወሰዱ 50 መቅረት አለበት። ለዚህም የጀመሩበትን ቀን ክዳኑ ላይ ይጻፉ።

ከዚህ መድኃኒት ጋር ሌላ ምን እንደሚወስዱ አልነገሩንም። አልሙኒየም ወይም ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ አሲድ ማርገቢያ የሚወስዱ ከሆነ ዶልቴግራቪርን ከእሱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይውሰዱ፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ሰውነት አይገባም። የብረትና የካልሲየም ኪኒንም እንደዚሁ ነው፤ እነዚህን ግን ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ መውሰድ ይቻላል። እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶችና የእንቅልፍ ኪኒኖች በራሳቸው አእምሮን ያደበዝዛሉ። ኢፋቪሬንዝ ቅዠት፣ ማዞርና ትኩረት ማጣት በማስከተል የታወቀ ነው። ዶልቴግራቪር በዚህ በኩል የተሻለ ቢሆንም የአንዳንድ ሰዎችን እንቅልፍ ይነሳል፤ እርስዎም እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ወደ ጠዋት ስለማዛወር ሐኪምዎን ያማክሩ።

ማቋረጥን በተመለከተ፣ ቫይረሱ እንደገና ከማንሰራራቱና መድኃኒቱን ከመላመዱ ሌላ፣ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስንም ስለሚቆጣጠሩ፣ ይህ ቫይረስ ያለበት ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ጉበቱ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

መልስ 3

እኔ 60 ዓመቴ ነው፤ ቫይረሱ የሌለባቸው እኩዮቼም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ይፈልጋሉ። ይህ ዕድሜ ነው፤ ለሐኪም ነግሮ ተጨማሪ ምርመራ መጎተት አስፈላጊ አይመስለኝም።

መልስ 4፦ በፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍል ከምትሠራ ነርስ

ከላይ የተሰጠውን አስተያየት በአክብሮት እቃወማለሁ። ዕድሜ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ሳይመረመሩ ግን «ዕድሜ ነው» ማለት ሊታከም የሚችለውን ሁሉ መሸፈን ነው።

ቫይረሱ ወደ አንጎል የሚደርሰው ሰውነት ውስጥ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። የነርቭ ሕዋሳትን በቀጥታ አይወርም፤ የሚደበቀው አንጎልን በሚጠብቁት ተከላካይ ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን፣ ነርቮችን ቀስ በቀስ የሚጎዳው እነዚህ ሕዋሳት ሲቆጡ የሚለቁት ንጥረ ነገር ነው። ጥምር መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1996 ገደማ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ብዙዎች በከባድ የመርሳት በሽታ ይሠቃዩ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚታየው ቀለል ያለው ዓይነት ነው፤ በተለይም ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት ሲዲ ፎራቸው (የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳቸው ቁጥር) በጣም ወርዶ የነበረ ሰዎች ላይ ይበረታል። የሚነካውም ትኩረትን፣ የማሰብ ፍጥነትን፣ ዕቅድ ማውጣትንና «በኋላ አደርገዋለሁ» ያልነውን በጊዜው የማስታወስ ችሎታን ነው። በአልዛይመር በሽታ አዲስ ትዝታ መቀመጡ ራሱ ይሰናከላል፤ በዚህኛው ግን በአመዛኙ የሚያስቸግረው የተቀመጠውን አውጥቶ ማምጣቱ ስለሆነ፣ ሰውየው አስታዋሽ ምልክት ሲያይ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለዋል። የመጀመሪያው መላሽ ሳጥን የሠራላቸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ለእርስዎም ከሰዓት ይልቅ ዓይን የሚያየው ነገርና የዘወትር ልማድ የተሻለ አስታዋሽ ይሆንዎታል።

ችግሩ በሁለት አቅጣጫ ስለሚሄድ ቶሎ መያዝ አለበት፤ መርሳቱ ኪኒን ያስቀራል፤ የቀረው ኪኒን ደግሞ ቫይረሱን አንሥቶ አንጎልን መልሶ ይጎዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ የቫይረስ መጠንዎ እንደገና ይታይ። ከዚያም የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ሲ ይመርመሩ፤ ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ አልኮልና ስለ ስሜትዎም በግልጽ ይናገሩ። ድባቴ ከቫይረሱ ጉዳት ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ በእርስዎ ዕድሜ የወር አበባ መቋረጥም እንቅልፍን አውኮ ሰውን ያዘነጋል። እነዚህ ሁሉ ነጻ ሆነው ችግሩ ከቀጠለ፣ ቫይረሱ በደም ሳይታይ በአንጎልና በሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚገኝበት አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሁኔታ ስላለ፣ ወደ ነርቭ ሐኪም መላክ ተገቢ ነው። ከባድ ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር፣ የአንድ ወገን ድካም፣ የሚጥል ሕመም ወይም ድንገተኛ መቀባዠር ከመጣ ግን ያንኑ ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ለመናገር ከፈሩ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከመልሶቻቸው ጋር በወረቀት ጽፈው ይስጡን፦ ነገሮችን ደጋግሜ እረሳለሁን? ሳስብ፣ ሳቅድ ወይም ችግር ስፈታ ዝግ ብያለሁን? ትኩረቴን ለመሰብሰብ እቸገራለሁን? አራት ኪኒን መትረፉን ቆጥሮ የሚነግረንን ሰው ቸልተኛ አንለውም፤ እኛን የሚያስቸግረን «አንድም አላመለጠኝም» የሚለው ነው።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል፤ አብራኝ የምትኖረው የባለቤቴ እኅት ስለ እኔ አታውቅም፤ የቀን ስም የተጻፈበትን ሳጥን ካየች መጠየቋ አይቀርም።

መልስ 5

እኔም ቤት እንዲሁ ነበር። በመዋቢያ ቦርሳዬ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሳጥን ይዣለሁ፤ ጠርሙሱ ደግሞ ልብሴ መሐል ነው። ሳጥን ጭራሹን የማይመች ከሆነ እንደዋጡ ወዲያው ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ነጥብ ያድርጉ፤ ነጥቧ ምን እንደሆነች ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለቤትዎ የሚያውቁ ከሆነ ማታ ማታ ነጥቧን እንዲያዩ ይጠይቋቸው፤ «ወሰድሽ?» ተብሎ በየቀኑ ከመጠየቅ ይህ ይሻላል፤ እኔና ባለቤቴን ከብዙ ጭቅጭቅ አድኖናል።

የጠያቂዋ ምላሽ

ባለቤቴ ያውቃል፤ ነጥቡን እሱ እንዲያይ ተስማምተናል። የጨጓራ ማርገቢያ ስወስድ የቆየሁት ልክ ከእራት በኋላ፣ ከኪኒኔ ጋር በተቀራረበ ሰዓት ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ተናግሬ አላውቅም። ሦስቱን ጥያቄዎች ጽፌያቸዋለሁ፤ ለሦስቱም መልሴ «አዎ» ነው። ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ወር ነበር፤ ነገ ጠዋት ሄጄ እንዲያቀርቡልኝ እጠይቃለሁ።