ከ80053 ጋር ለታዘዘ የደም ፎስፌት ምርመራ የትኛውን ኮድ ልጠቀም?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ ውስጥ የራሱ ላቦራቶሪ ባለው አንድ ክሊኒክ የክፍያ ጥያቄ አዘጋጅ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ገና አራት ወር ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ለመጡ አንድ የሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ታካሚ ሐኪሙ አጠቃላይ የሜታቦሊክ ፓነል (በአንድ ኮድ የሚጠየቅ የደም ምርመራዎች ስብስብ) እና የደም ፎስፌት አዘዙ። የኩላሊት ተግባር ፓነል ፎስፌትን እንደሚይዝ ስለማውቅ የሜታቦሊክ ፓነሉን ኮድ 80053ን ከኩላሊት ፓነሉ ኮድ ከ80069 ጋር ላክሁ፤ ለሁለቱም የምርመራውን ምክንያት ዜድ00.00 (ያልተለመደ ግኝት የሌለበት አጠቃላይ የጤና ምርመራ) አልኩ። ሁለቱም ሳይከፈሉ ተመለሱ። ታካሚው ሒሳቡ ሲደርሳቸው ደንግጠው ደውለውልኛልና ስህተቴን በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፣ ከአንድ የኮድ ባለሙያ

ስህተቱ በኮዱም በምክንያቱም ላይ ነው፤ እኔ ስለ ኮዱ ልናገር። 80053 የሚይዛቸው 14 ምርመራዎች ሲሆኑ ፎስፌት ከእነርሱ ውስጥ የለም። 80069 ደግሞ 10 ምርመራዎች አሉት፤ ዘጠኙ በ80053 ውስጥ ያሉ ናቸው፣ አዲስ የሚጨምረው ፎስፌትን ብቻ ነው። የሲፒቲ (የሕክምና አገልግሎቶች መለያ ኮዶች) ደንብ ከአንድ የደም ናሙና የተሠሩ፣ የጋራ ምርመራ ያላቸው ሁለት ፓነሎች በአንድነት እንዳይጠየቁ ይከለክላል። ስለዚህ ትክክለኛው 80053 እና የደም ፎስፌት ብቻውን የሚጠየቅበት 84100 ነው። የታዘዙት አሥሩ የኩላሊት ፓነል ምርመራዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ 80069 ብቻውን ይበቃ ነበር፤ 84100ን በላዩ መጨመር አንዱን ምርመራ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው።

መልስ፣ ከአንዲት የክፍያ ክፍል ኃላፊ

ከኮዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዜድ00.00 ነው። ሜዲኬር በሕግ ከተዘረዘሩት የመከላከያ ምርመራዎች ውጭ ለተለመደ ምርመራ አይከፍልም፤ ስለዚህ «ዓመታዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ፎስፌት ለምን እንደተለካ አያስረዳም። የሐኪሙን ማስታወሻ ይክፈቱ። ታካሚው የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ደረጃው ከተመዘገበው ጋር ይስማማ፤ ለምሳሌ ደረጃ 3ለ ኤን18.32 ነው፣ ደረጃ 4 ደግሞ ኤን18.4። በኩላሊት ሕመም ሳቢያ የመጣ ሁለተኛ ደረጃ የፓራታይሮይድ (በአንገት ላይ ያሉ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ ዕጢዎች) ሆርሞን መጨመር ከተጻፈ ኤን25.81፣ ፎስፌት ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ በሐኪሙ ከተረጋገጠ ኢ83.39 ይሆናል። ሐኪሙ «ይጠረጠራል» ብለው ብቻ ከጻፉ ግን በተመላላሽ ሕክምና ጥርጣሬ እንደተረጋገጠ በሽታ አይመዘገብም፤ ያመጣቸውን ምልክት፣ ለምሳሌ አጠቃላይ የጡንቻ ድክመትን በኤም62.81፣ ይጻፉ። ማስታወሻው ላይ ምንም ካላገኙ ሐኪሙን ይጠይቁ። ከራስ አእምሮ የሚያስከፍል በሽታ መርጦ መለጠፍ ማጭበርበር ነው፤ የታካሚውንም የጤና መዝገብ በማያውቁት ሕመም ያበላሻል፤ ይህን ደጋግሜ የምናገረው ሲደረግ ስላየሁ ነው።

መልስ፣ ከአንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ

የትእዛዙን ወረቀትም ይዩልኝ። አንድ ጊዜ በእጅ የተጻፈ «ፎስ» የሚል ትእዛዝ 84075 ተብሎ ገብቶ አግኝቻለሁ። እርሱ አልካላይን ፎስፋቴዝ ነው፤ ኢንዛይም እንጂ ማዕድን አይደለም፣ በዚያ ላይ በ80053 ውስጥ አስቀድሞ አለ። የሽንት ፎስፌትም 84105 ስለሆነ ናሙናው ምን እንደነበረ ያረጋግጡ። ታካሚው በዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ካሉ ነገሩ ይለያል፤ ከ2011 ጀምሮ ለኩላሊት ሕመሙ የሚደረግ የፎስፌት ምርመራ በዲያሊሲስ ማእከሉ ጥቅል ክፍያ ውስጥ ስለሚካተት ለብቻው አይጠየቅም።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማስታወሻውን ዛሬ ጠዋት ከፍቼ አነበብሁት፤ በሦስተኛው አንቀጽ «የኩላሊት ሕመም፣ ደረጃ 3ለ፣ ፎስፌትና ካልሲየም ይታይ» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። እኔ ያየሁት የጉብኝቱን ርእስ ብቻ ነበር። ታካሚው በዲያሊሲስ ላይ አይደሉም፤ ናሙናውም ደም ነው። በ80053፣ በ84100 እና በኤን18.32 ጥያቄውን አስተካክዬ ለኃላፊዬ አቅርቤያለሁ፤ ለታካሚውም ደውዬ ውሳኔው እስኪመጣ ምንም እንዳይከፍሉ ነግሬያቸዋለሁ።