ከሆስፒታል ወጥተው መሄጃ ለሌላቸው አረጋውያን ምን እንጀምር?

ነርሷ (ምሥራቅ ጎጃም)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ባለፈው ወር ዳሌያቸው ተሰብሮ የገቡ አንዲት እናት ነበሩ። ድነው መውጫቸው ተጻፈ። የሚወስዳቸው ሰው ግን አልመጣም። አንዱ ልጃቸው መተማ ነው፣ አንዷ ቤሩት። አሥራ አንድ ቀን ቆዩ። በየጠዋቱ ነጠላቸውን አጣፍተው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። «ዛሬስ ይመጣሉ ልጄ» ይሉኛል። በመጨረሻ የወሰዷቸው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖሩ አንዲት መነኩሲት ናቸው። ዘመድ አይደሉም።

ውጭ አገር ሆስፒታልም የአረጋውያን መኖሪያም አንድ ላይ የያዙ የቆዩ ድርጅቶች አሉ ሲባል እሰማለሁ። እንዴት ነው የጀመሩት? መጀመሪያ ሕንፃ ነው ወይስ ገንዘብ?

ሲድኒ ያለሁ፦
እታለም፣ እዚህ አረጋውያን መንከባከብ ነው ሥራዬ። ሴንት ቪንሰንት የሚባለውን፣ ሆስፒታልም የአረጋውያን ቤትም ያለውን ድርጅት ታሪክ ላጫውትሽ። ከሕንፃ አልተነሳም።

ሜሪ አይከንሄድ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1815 አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ የመነኮሳት ማኅበር አቋቋመች። መነኮሳቱ ከተለመዱት ሦስት ስእለቶች ሌላ አራተኛ ጨመሩ፦ ድሆችን ማገልገል። በ1834 እዚያው ደብሊን ሆስፒታል ከፈቱ። በ1838 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አምስቱ በመርከብ ሲድኒ ደረሱ። መጀመሪያ የሄዱት ሲድኒ አጠገብ ወዳለችው ፓራማታ፣ እስረኛ ሴቶች ዘንድ ነው። ሲድኒ ላይ ሆስፒታል የከፈቱት ገና በ1857 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሆስፒታል አልነበራቸውም! እሱም ቢሆን ታርሞንስ የሚባል መኖሪያ ቤት ነበር። አሁን ያለበት ዳርሊንግኸርስት የሚባል የሲድኒ ሰፈር የገባው በ1870 ነው። በ1890 ደግሞ መዳን ለማይችሉ ሕሙማን ማረፊያ ከፈቱ። ዛሬ ሆስፒታሎቹም የአረጋውያን ቤቶቹም ብዙ ናቸው።

እኔን የሚነካኝ ያ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። ቤት ሳይኖራቸው ሰው ጋ ሄዱ።

የቢቸናው፦
ልጄ፣ ያቺ መነኩሲት የሠሩት የኛው የቆየ ሥርዓት ነው። በየደብሩ ዙሪያ ጧሪ ያጡ ባልቴቶችና አሮጊቶች ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። ከተዝካሩም ከሰንበቴውም ይደርሳቸዋል። ዛሬ ልጅ አዲስ አበባም ሄደ፣ ዐረብ አገርም ሄደ፤ ጎጆው ፈረሰ። እድራችንን ተመልከቺ። ለቀብር ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ወንበር አለው። ሰውዬው በሕይወት ሳለ ግን አንድ ቀን ደጁን አያንኳኳም። ይህ ያንገበግበኛል።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ፣ አንቺም ተባረኪ። ሕንፃውን ስጠብቅ ነበር፤ ለካ መጀመሪያው እሱ አይደለም። እድራችን የፊታችን እሑድ ይሰበሰባል። ከሆስፒታል የወጣ አረጋዊ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ተራ ገብተን እንሂድ ብዬ አነሳለሁ። ቁስል ማጠብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ማስዋጥ፣ አጥሚት ማፍላት። ሁለት ጎረቤቶቼ እሺ ብለውኛል። ከእኔ ጋር ሦስት ነን። የመጀመሪያው ቤት መነኩሲቷ ጋ ነው፤ እዚያ አሁን ሁለት አሮጊቶች አሉ።