ለግቢ ዒላማ የአየር ሽጉጥ፦ ከሦስቱ የቱ ይሻለኛል?

ሰዓት ሠሪው (ደሴ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። ደሴ ፒያሳ ሰዓት ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው፤ ትንሽ ከረዘመባችሁ ታገሡኝ።

በፓሪስ ኦሊምፒክ (እ.ኤ.አ. 2024) የቱርኩን ዩሱፍ ዲኬችን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ሌሎቹ አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው፣ ልዩ መነጽር አጥልቀው ሲቆሙ እሱ በቲሸርት፣ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ተኩሶ ከአጋሩ ጋር የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ሰዉ ስለ ኪሱ ሲያወራ እኔ ያየሁት ቀኝ እጁን ነው። ቀኑን ሙሉ ከፀጉር የቀጠነ ሞላ በወረንጦ ስይዝ የምውል ሰው ነኝ፤ እጅ ጸጥ ሲል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

ታናሽ ወንድሜ ጀርመን ነው፤ ለጥምቀት ይመጣል። ምን ላምጣልህ ሲለኝ የአየር ሽጉጥ አልኩት። ሱቅ ገብቶ ሦስት ፎቶ ላከልኝ። አንደኛው ቫልተር ሲፒ 88 ነው፤ በትንሽ የጋዝ ቀፎ ይሠራል፣ ስምንት ጥይት ይጎርሳል፣ ብረቱ ያምራል። ሁለተኛው የቫይራውኽ ኤችደብሊው 45፣ በሞላ የሚሠራ። ሦስተኛው ኤችደብሊው 40፤ የላይኛውን ክፍል ከፍተው ሲዘጉት አየር ያምቃል። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ ያረፈው የመጀመሪያው ላይ ነው።

ግቢዬን በሜትር ለክቼዋለሁ። በቁመቱ 13 ሜትር ከ40 ነው፣ መጨረሻው ቆርቆሮ አጥር፤ ከአጥሩ ኋላ የጎረቤታችን ማድ ቤት አለ። በወርዱ 8 ሜትር ከ20 ነው፣ መጨረሻው መስኮት የሌለው የብሎኬት ግድግዳ። ኦሊምፒኩ አሥር ሜትር ስለሆነ በቁመቱ ልተኩስ አስቤያለሁ። ከጦሳ የሚወርደውን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፤ መሣሪያው ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ? ጥይቱስ 4.5 ሚሊ ይሁን 5.5? ወፍም ምንም የመምታት ሐሳብ የለኝም፤ ወረቀት ብቻ።

የቦርከና ልጅ (ጀርመን)

ወንድሜ ሰላም ላንተ። ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ አሁን ጀርመን ነው የምኖረው። የሠፈራችን ተኳሾች ማኅበር ምድር ቤቱ ውስጥ የአሥር ሜትር መተኮሻ አለው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከሥራ ወጥቼ እዚያ ስሄድ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምነግርህ በእጄ ይዤ ያየሁትን ነው።

ዓይንህ ያረፈበትን ሲፒ 88 ተወው። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ላንተና ለደሴ ግን አይሆንም። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ አንዱ ቀፎ 12 ግራም ይይዛል፣ ሃምሳ ጊዜ ያህል ካስተኮሰህ ያልቃል። ወንድምህ ቀፎውን በሻንጣ ይዞ አውሮፕላን ላይ መሳፈር አይፈቀድለትም። እና በየሳምንቱ ከየት ልታመጣ ነው? ደግሞ የጠየቅከው ብርድ ዋናው ጠላቱ ነው። የቀፎው ግፊት በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር ያህል ነው፤ 10 ዲግሪ ላይ ወደ 45 ይወርዳል። በዚያ ላይ በተኮስክ ቁጥር ጋዙ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ቶሎ ቶሎ ከተኮስክ የኋለኞቹ ጥይቶች ከፊተኞቹ ዝቅ ብለው ያርፋሉ። ኮምቦልቻ ላይ ያስተካከልከው ማነጣጠሪያ ሀረጎን ወጥተህ ደሴ ስትገባ ሌላ ሆኖ ይጠብቅሃል። አንተ እጅህን ልታሠለጥን ነው የፈለግከው፤ ጥፋቱ የእጅህ ይሁን የጋዙ ሳትለይ ትቀራለህ።

ሌላም አለ። ሲፒ 88 የተሠራው ፒ 88 የሚባለውን እውነተኛ ሽጉጥ አስመስሎ ነው። ካጥር ውጪ የሚያይህ ሰው የአየር ይሁን የባሩድ በምን ያውቃል? እዚህ ጀርመን እንኳ እውነተኛ መሣሪያ የሚመስል ዕቃ አደባባይ ይዞ መታየት ክልክል ነው።

ኤችደብሊው 45 ጠንካራ ዕቃ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ግን የሞላ ሽጉጥ ለጀማሪ ከባድ ነው። ቃታውን ስትስብ ውስጥ ያለው ፒስተን ይወረወራል፣ ሽጉጡ በአጸፋው ይዘላል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥይቱ ገና ከአፈሙዝ ሳይወጣ ነው። አያያዝህ በፀጉር ያህል ከተለየ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እኔ የጀመርኩት በሞላ ነበር። ሽጉጡ ሊዘል ነው ብዬ ቀድሜ እጄን ማጠንከር ለመድኩ፤ ያንን ልማድ ለማስወጣት አንድ ዓመት ሙሉ ፈጅቶብኛል። አሰልጣኜ እኔ ሳላይ አንዳንዴ ጥይት አጉርሶ አንዳንዴ ባዶውን እየሰጠኝ ነው የተላቀቅኩት። ባዶው ሲሆን እጄ ብቻውን ሲዘል ዓይቼ በጣም አፈርኩ። (የሞላውን ሽጉጥ ግን ባዶውን አትተኩስ፤ ፒስተኑን የሚያበርድለት የጥይቱ ተቃውሞ ስለሌለ ውስጡ ይጎዳል። ያ ልምምድ በሌላ ዓይነት ሽጉጥ ነበር።)

ስለዚህ ላንተ ኤችደብሊው 40። አንዴ ከፍተህ መዝጋት ነው፤ አየሩ ይታመቃል፣ ቃታውን ስትስብ ጸጥ ብሎ ይወጣል፣ ሽጉጡ እጅህ ላይ አይንቀሳቀስም። ጥይቱ በሰከንድ 120 ሜትር ገደማ ይሄዳል። መክፈቱ ቀላል ነው፣ መዝጋቱ ጉልበት ይፈልጋል፤ በመዳፍህ እየገፋህ ዝጋው፣ ጣትህን መሐል እንዳታስገባ። አምቀህ አታስቀምጠው፣ ጎማውን ያደክመዋል። የሚያልቀው ኦሪንጉ፣ ያ የቀለበት ጎማው ነው፤ ያንን ደግሞ ሰዓት ለሚፈታ ሰው ማን ይነግረዋል።

ካንተ የማልደብቀው አንድ ነገር አለ። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ይህ ሽጉጥ የሚያምቀው ያንኑ አካባቢውን አየር ስለሆነ ካታሎጉ ላይ ከተጻፈው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ይልብሃል። ለወረቀት ምንም አይደለም፤ ግን ሁልጊዜ በአንድ ልክ ዝቅ ስለሚል ማነጣጠሪያውን አንዴ ታስተካክልና ታርፋለህ። ከጋዙ የሚሻለውም በዚህ ነው።

ጥይት 4.5 ሚሊ፣ የእርሳስ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነውን። ውድድሩም በ4.5 ነው። ጠፍጣፋው ወረቀቱን እንደ ወረቀት መብሻ ክብ አድርጎ ስለሚቆርጠው ነጥብህን በግልጽ ታያለህ። የብረት ድብልብሏን ጥይት ግቢህ አታስገባ፤ እርሳስ ጠንካራ ነገር ሲመታ ይተጣጠፋል፣ ብረቷ ግን ነጥራ ወደ ፊትህ ትመለሳለች። ያም ሆኖ መነጽር ሳታጠልቅ አትተኩስ፤ አጠገብህ የሚቆመውም እንዲሁ።

አሁን ወደ ግቢህ። በቁመቱ መተኮሱን እርሳው! ይህን ስጽፍልህ ልቤ እየመታ ነው። ከቆርቆሮ ኋላ ማድ ቤት፣ ማድ ቤት ውስጥ ሰው አለ። የጀርመን ሕግ የአየር መሣሪያን በራስህ ግቢ ውስጥ የሚፈቅድልህ ጥይቱ ከግቢው መውጣት የማይችል ከሆነ ብቻ ነው፤ ሕጉ ባይኖርም እኔ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ወደ ብሎኬቱ ዙር። በወርዱ 8 ሜትር ከ20 አለህ፣ ከዚያ ላይ የዒላማው ሳጥንና የመቆሚያህ ቦታ ሲነሳ 7 ሜትር ይቀርሃል። ዒላማውን በዚያው ልክ አሳንሰው። የአሥር ሜትሩ ወረቀት ላይ የአሥር ነጥቡ ክብ 11.5 ሚሊ ነው፣ ጥቁሩ በሙሉ 59.5 ሚሊ። በ0.7 ስታባዛው አሥሩ 8 ሚሊ፣ ጥቁሩ 41.6 ሚሊ ይሆናል። በኮምፓስ ሥራው። መሐሉ ከመሬት 1 ሜትር ከ40 ይሁን። ለዓይንህ የሚታይህ ልክ ዩሱፍ ዲኬች ያየውን ያህል ነው።

የመጨረሻው። ወንድምህ ሻንጣው ውስጥ ከትቶት እንዳይመጣ ዛሬውኑ ደውልለት። እዚህ ጉልበቱ ከ7.5 ጁል የማይበልጥና የኤፍ ምልክት ያለበት የአየር ሽጉጥ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ይሸጣል፤ ያ ማለት ግን ቦሌ ላይ ያልፋል ማለት አይደለም። አገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት። የዕቃውን ስም፣ መጠኑንና ጉልበቱን ጽፈህ ለፖሊስ በማመልከቻ አቅርብ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። አይቻልም ካሉህ አይቻልም ነው። ወንድምህን ለአንድ ወረቀት ዒላማ ብለህ ጉምሩክ ላይ አታስቁመው።

የሐያት እናት (ደሴ)

ወንድምዓለም፣ አብሽር፣ ክፉ አሳቢ እንዳልሆንክ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል። እኔ ስለ መሣሪያ የማውቀው ነገር የለም። ስለ ጎረቤት ግን ልናገር።

በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ከተማችን ላይ የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ዛሬም ነፋስ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ፣ የጎረቤት ልጅ ኳስ አጥራችን ላይ ሲያርፍ፣ ከምታጠናበት ብድግ ብላ አልጋ ሥር ትገባለች። ዝም ብዬ አጠገቧ መሬት ላይ እቀመጣለሁ፤ ስትወጣ ትወጣለች። የአየሩ ድምፅ ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ትንሽ ይሁን፣ ግን ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ልብ ትንሹን አይለይም።

ስለዚህ ፖሊሱ እሺ ቢልህ እንኳ እዚያ አይብቃ። ቡና አስፈላና ማድ ቤቷ ያለችውንም፣ የብሎኬቱን ባለቤትም፣ ከፊት ለፊት ያሉትንም ጥራቸው። ዕቃውን አሳያቸው፣ ፊታቸው አንዴ ተኩስና ድምፁን ይስሙት። በስንት ሰዓት እንደምትተኩስም ንገራቸው፣ ከዚያ ሰዓት ውጪ አትንካው። አንዷ እናት ‹ልጄ ትሸበርብኛለች› ካለችህ ደግሞ ስለ አላህ ብለህ ስማት።

ብየዳ ኮምቦልቻ

ጋሼ፣ ሽጉጡን ሌሎች ነግረውዎታል፤ እኔ ስለ መከታው ልንገርዎ። ብሎኬት ላይ በቀጥታ እንዳይተኩሱ። ይቦረቦራል፣ ፍርፋሪውም ይመለሳል፣ ባለቤቱም ይቀየምዎታል።

ሳጥን ያሠሩ። ወርዱም ቁመቱም 50 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ 60። ጀርባው 3 ሚሊ ላሜራ ይሁን፣ ግን ቀጥ ብሎ እንዳይቆም፤ ከላይ ወደ እርስዎ አዘንብሎ ይበየድ። ያኔ ጥይቱ ሲመታው ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ሰው አይመለስም። ታቹ ላይ አሸዋ ያድርጉ፣ አራት ጣት ያህል። ከላሜራው ፊት አሮጌ ብርድ ልብስ በድርብ ያንጠልጥሉ፤ ላሜራው እንዳይጮህ የሚያደርገው እሱ ነው፤ እህታችን ላነሳችው ነገርም ይጠቅማል። ከፊት የጣውላ ፍሬም፣ ወረቀቱ እዚያ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ሳጥኑ የሚያርፍበት እግር ከባድ ይሁን፤ የመኪና ቸርኬ ላይ ቢበይዱት አይነቃነቅም። የሚስቱ ኃይለኛ ሽጉጥ ስላልሆነ ይህ ይበቃዎታል። ከሳጥኑ ውጪ የሚሄደው ያሳስበኛል፤ ስለዚህ ከኋላው ሌላ ሰፊ ወፍራም ጣውላ ግድግዳው ላይ ያስደግፉ።

ዶሮ አለዎት? ካለዎት ይህን ልብ ይበሉ። ዶሮ ጠጠር ትለቅማለች፣ እርሳሷንም እንደ ጠጠር ትውጣታለች፤ እርሳስ መርዝ ነው። አሸዋውን በየጊዜው ይንፉት፣ የተገኘውን እርሳስ ልጅ የማይደርስበት ጣሳ ውስጥ ያጠራቅሙ። ተኩሰው ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ቆሎ እንኳ አይቅመሱ። የውጪውንም በር ከመጀመርዎ በፊት በመቀርቀሪያ ይዝጉት፤ ልጆች ሳያንኳኩ ነው የሚገቡት።

ሰዓት ሠሪው (ደሴ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳነብ አምሽቼ ጠዋት ተነሥቼ ግቢው መሐል ቆምኩ። ከቆርቆሮው ኋላ የማድ ቤቷ ጭስ ይወጣል፤ ሴትዮዋ ከእንጨቱ ጋር እየታገለች ስታስል ይሰማኛል። በሜትር ስለካ ይህን ሁሉ እንዴት እንዳልሰማሁ አላውቅም። የቦርከና ልጅ፣ ልብህ መምታቱ ልክ ነበር።

ለወንድሜ ደውዬለታለሁ። ምንም እንዳይገዛ፣ የኤችደብሊው 40ን መግለጫ ወረቀት ብቻ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። ማመልከቻውን ሰኞ አስገባለሁ። ለጥምቀት ባይደርስ ለሚቀጥለው ይደርሳል።

የሐያት እናት፣ ስለ ልጅሽ ያልሽው ውስጤ ገብቷል። በእኛ በኩል አጥር ለአጥር ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤት አለ፤ ከፖሊሱ መልስ በፊት እነሱን ነው የማነጋግረው።

ዶሮዎች አሉን፣ አራት ናቸው። ባለቤቴ የብየዳውን ልጅ ምክር ሳነብላት ወዲያው ‹ዶሮዎቹ በዚያ በኩል አይሄዱም፣ አጥር ሥራ› አለችኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ላሜራው ምን ያህል ያዘንብል? በዲግሪ ብትነግረኝ ሥዕሉን ዛሬ ማታ አወጣዋለሁ።

ብየዳ ኮምቦልቻ

45 ጋሼ። ሥዕሉን ይላኩልኝ፣ ቁርጥራጭ ላሜራ አላጣም፤ ቅዳሜ ወደ ደሴ ስወጣ ይዤልዎት እመጣለሁ።