በብሪጅ ከአጋሬ ጋር በድምሩ 9 የስፔድ ካርድ ይዤ ኩዊኗን ከላይ ልምታ (አስ ጥዬ እንድትወድቅ ልጠብቅ) ወይስ ፊነስ ላድርግ (ቀኙ ጋ ናት ብዬ 10 ልጣል)?

ብሪጅ የምትጫወቱ፣ አንድ እጅ ላይ ከአጋሬ ጋር አልተግባባንም። ግራዬ ያለው በ3 ዳይመንድ ከፈተ (ደካማ እጅ፣ ረጅም ዳይመንድ)፣ አጋሬ ደብል አለ (ሌላ ቀለም ምረጥ ማለት ነው)፣ ቀኜ ፓስ፣ እኔ 4 ስፔድ (ስፔድ ገዢ ሆኖ 10 ዙር ለመውሰድ)። በዚያው ቀረ።

የእኔ፦ ስፔድ አስ 10 8 7 3፣ ኸርት አስ 6 2፣ ዳይመንድ 8 4፣ ክለብ ኪንግ 7 5።
የአጋሬ፦ ስፔድ ኪንግ ጃክ 6 4፣ ኸርት ኪንግ ኩዊን 5፣ ዳይመንድ 6 3፣ ክለብ አስ 8 6 2።

ግራው የዳይመንድ አስና ኪንግ ወሰደ፣ ቀኙ ሁለቴም ዳይመንድ ጣለ። ከዚያ ኸርት ጃክ መጣ፣ በኪንግ ወሰድኩት። አንድ ክለብ መሄዱ ስለማይቀር ሁሉም ነገር ያለው ስፔድ ኩዊን ላይ ነው። ስፔድ ኪንግ ስጫወት ሁለቱም ትንሽ ጣሉ። ቀጥሎ ከአጋሬ እጅ 4 ስመራ ቀኙ 9 ጣለ።

ደንቡ "9 ካርድ ካለህ ፊነስ አታድርግ፣ ከላይ ምታ" ይላል። አስ ጣልኩ፣ ግራው ዳይመንድ ጣለ፣ በአንድ ዙር ጎድሎን ወደቅን። አጋሬ "ዕድል ነው፣ አጨዋወቱ ትክክል ነው" ባይ ነው። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም፦ ግራው 7 ዳይመንድና 1 ስፔድ ካለው የቀረው ክፍት ቦታ (ምን እንደሆነ ያልታወቀ ካርድ) 5 ነው፣ ቀኙ ደግሞ 2 ዳይመንድና 2 ስፔድ ስላሳየ 9 ቦታ አለው (የኸርቱን ዙር ሁለቱም ስለጣሉበት አልቆጠርኩትም)። ዳይመንዱ 7 ለ2 ሲሆን እሺ፣ ግን በ2 ዳይመንድ ከፍቶ 6 ለ3 ቢሆንስ? የዳይመንዱ ልዩነት ስንት ሲደርስ ነው እናንተ ደንቡን ትታችሁ ፊነስ የምታደርጉት?