ስታር ትሬክን ዛሬ የሚጀምር ሰው አሳፋሪውን ክፍል ይዝለል ወይስ ይየው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። 41 ዓመቴ ነው፤ እስከ ዘንድሮ ድረስ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። የ12 ዓመቷ ልጄ ናት «እማዬ፣ ስታር ትሬክን አብረን እንይ» ብላ የያዘችኝ። በጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርክ፣ በየጊዜው በአዲስ መልክ የተሠራ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከሥራ ስገባ እራት እንበላና አንድ ክፍል እናያለን። የሥራ ባልደረባዬ «የ1966ቱ ይሰለችሻል፤ ከ1987ቱ ኔክስት ጀነሬሽን ጀምሪ» ስላለችኝ ከዚያ ጀመርን። የመጀመሪያዎቹን ወደድናቸው። ከዚያ «ኮድ ኦፍ ኦነር» የሚባለው መጣ።

ላላያችሁት ልንገራችሁ። መርከቧ ክትባት ፍለጋ ወደ አንዲት ፕላኔት ትሄዳለች። የፕላኔቷ ሰዎች በሙሉ ጥቁሮች ናቸው፤ የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሰው ጥምጥም ጠምጥመዋል። መሪያቸው ሉታን ነጯን የጥበቃ ኃላፊ፣ ታሻ ያርን፣ ከመርከቧ ላይ ጠልፎ ይወስዳታል፤ ሊያገባት ይፈልጋል። ሚስቱ ደግሞ በመርዛማ መሣሪያ እስከ ሞት እንድትገጥማት ይደረጋል። ልጄ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረችና «እነዚህ እኛ ነን እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት።

በዚያ ላይ ጠለፋ ለእኔ የፊልም ነገር አይደለም። አክስቴ ተጠልፋ ነው የተዳረችው። ይህንን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከየት ብንጀምር ይሻል ነበር? እንዲህ ያለው ክፍልስ ይዘለላል ወይስ ይታያል? ጭራሽ ከሚታዩት ክፍሎች ዝርዝር ይውጣ የሚሉም አሉ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የመነሻው ነው። የኔክስት ጀነሬሽን የመጀመሪያው ሲዝን ደካማ መሆኑን አድናቂዎቹ ራሳቸው አይክዱም። ምክትል አዛዡ ራይከር ጺሙን ካሳደገ በኋላ፣ ማለትም ከሁለተኛው ሲዝን ወዲህ ነው መልክ የያዘው። «ኮድ ኦፍ ኦነርን» ደግሞ የተጫወቱበት ሰዎችም ያፍሩበታል፤ ራይከርን የሚጫወተው ጆናታን ፍሬክስ ዘረኛ ክፍል እንደሆነ በአደባባይ ተናግሯል። እነሱ ያፈሩበትን እናንተ የምታዩበት ምክንያት አይታየኝም።

ቁጥሩን እዪው። የ1966ቱ 79 ክፍል ነው። ኔክስት ጀነሬሽን 178፣ ዲፕ ስፔስ ናይን 176፣ ቮየጀር 172፣ ኢንተርፕራይዝ 98። ድምሩ 703 ይመጣል፤ ከ2017 ወዲህ የመጡትን ሳንቆጥር። በቀን አንድ ብታዩ ሁለት ዓመት ሊሞላችሁ ጥቂት ይቀረዋል። ከ703 አንዱን ብትዘሉ ምን ይጎድላችኋል? ነገ ማታ ዲፕ ስፔስ ናይንን ጀምሩ። አዛዡ ቤን ሲስኮ ጥቁር ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ወንድ ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ልጅሽ መጀመሪያ መተዋወቅ ያለባት ከእሱ ጋር ነው።

ጎንደሬው፦
ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እኔ በ1966ቱ ጀምሬ በተራ ነው የመጣሁት፣ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ አልቆጨኝም። አቦሉን ዘሎ በረካ ላይ የሚደርስ እንግዳ ቡና ጠጣሁ ማለት ይችላል?

መነሻውን ካላየሽ የኋለኛው ምን ያህል መንገድ እንደሄደ አይገባሽም። በ1966 አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴት በቴሌቪዥን ብትታይ ብዙውን ጊዜ የቤት ሠራተኛ ሆና ነበር። ኡሁራ ግን የመርከቧ የመገናኛ መኮንን ናት። ስሟ ኡሁሩ ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው፣ ነፃነት ማለት ነው። አጠገቧ ሱሉ አለ፤ እሱን የተጫወተው ጆርጅ ታኬ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገና ሕፃን ሳለ ዘሩ ከጃፓን በመሆኑ ብቻ ከቤተሰቡ ጋር በአሜሪካ የታሰረ ሰው ነው። በኋላ ሩሲያዊው ቼኮቭ ተጨመረ፣ ያውም በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል። ይህንን ካየሽ በኋላ ነው «ኮድ ኦፍ ኦነር» ስንት እርምጃ ወደ ኋላ እንደሄደ የሚታይሽ። ከ1966ቱ 21 ዓመት በኋላ የተሠራ ነው እኮ!

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ወንድሜ፣ የቡናው ምሳሌ ለእኔ ነው የሚያግዘው። ቡና ላይ አቦሉ ነው ወፍራሙ። እዚህ ቤት ግን መጀመሪያ የተቀዳው ቀጭን ነው፣ እየቆየ ነው የወፈረው። የአጎቴን ልጆች ከ1966ቱ አስጀምሬያቸው ከካርቶን የተሠራ የሚመስለውን ድንጋይ አይተው በሦስተኛው ቀን ተዉት። እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ነርሷ፦
እኔ ስለ መነሻው አልከራከርም፤ ስለ ልጅቷ ነው የማስበው። «እነዚህ እኛ ነን እንዴ?» ያለች ልጅ ተጎድታለች። እኔም በዚያ ዕድሜዬ ነው ወደዚህ ሀገር የመጣሁት፤ ክፍል ውስጥ አፍሪካ ያለበት ፊልም በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። ፊልሙ ያልቃል፣ ዓይኑ ግን ደወል እስኪደወል እላዬ ላይ ነው። አዋቂ ሰው «ይህ የ1987 ነገር ነው፣ ዘመኑ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የ12 ዓመት ልጅ ዘመን የሚባለውን ከየት ታመጣዋለች? እሷ የምታየው መልኳን ነው።

ልጅን ስድብ ምን እንደሆነ ለማስተማር ተብሎ አይሰደብም። በ2020 ስንት የቴሌቪዥን ድርጅት ነጭ ተዋናይ ፊቱን ጥቁር ቀብቶ የሚጫወትባቸውን የቆዩ ክፍሎች ከዝርዝሩ አውጥቷል። ይህም ይውጣ። የሚፈልግ ተመራማሪ ከቤተ መዛግብት ፈልጎ ይየው።

ለንደን ያለው፦
እህቴ ነርሷ፣ ስሜትሽ ገብቶኛል። «ይውጣ» የሚለው ላይ ግን እፈራለሁ፣ ምክንያቱም የሚያወጣው ሰው አንቺ አይደለሽም። እዚያው ኔክስት ጀነሬሽን ውስጥ በ1990 የወጣ «ዘ ሃይ ግራውንድ» የሚባል ክፍል አለ፣ ስለ ሽብርና ስለ ነፃነት ትግል። ሰው ሠራሹ ዴታ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እንዲያው በንግግር መሀል፣ በ2024 አየርላንድ በትጥቅ ትግል አንድ እንደሆነች ያነሳል። በዚያች ዓረፍተ ነገር የተነሳ ቢቢሲ ክፍሉን ለዓመታት ሳያሳየው ቆይቷል፤ ሳይቆረጥ የታየው በ2007 ነው። ያኔም የቀረበው ምክንያት ሰውን ላለመጉዳት የሚል ነበር፣ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ሰው ይሞት ነበርና። ተመልካቹ ግን ስለ ራሱ ሀገር የተባለውን ሰምቶ የመፍረድ ዕድል አላገኘም። ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት፣ ዲዝኒ በቆዩ ፊልሞቹ ላይ እንደሚያደርገው። ሪሞቱ በእናት እጅ ይሁን። መቀሱ ግን በድርጅት እጅ ሲሆን ነገ ማንን እንደሚቆርጥ አታውቂም።

ነርሷ፦
የአየርላንዱ ሐሳብ ነበር፣ ተከልክሏል፣ ያሳዝናል። «ኮድ ኦፍ ኦነር» ግን ሐሳቡ ምንድን ነው? አንድ ቁም ነገር ንገረኝና እስማማለሁ።

ጋሼ መምህር፦
ልጆቼ፣ ክርክራችሁን ሳነብ ቆየሁ። እኔ ዋሽንግተን የገባሁት በፈረንጆች 1982 ነው። ቀን መኪና ማቆሚያ እሠራለሁ፣ ማታ አንዲት ክፍል ውስጥ ከሦስት ወንድሞች ጋር እኖራለሁ። በዚያች አሮጌ ቴሌቪዥን የ1966ቱ ስታር ትሬክ ማታ ማታ ይደገም ነበር። እንግሊዝኛ ከዚያ ለምጃለሁ ብል አልዋሸሁም፤ የመርከቧ መኮንን ስፖክ ቃሉን አንድ በአንድ ነው የሚናገረው።

ከ79ኙ አንዱ አልወጣልኝም። በጥር 1969 የወጣ ነው። ሁለት ሰዎች መርከቧ ላይ ይመጣሉ፣ አንዱ አሳዳጅ፣ አንዱ ተሳዳጅ። የሁለቱም ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ቀጥ ብሎ ለሁለት ተከፍሏል፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ። አዛዡ ኪርክና ስፖክ በሁለቱ መካከል ምንም ልዩነት አይታያቸውም። አሳዳጁ ቤል ይቆጣል፦ አይታያችሁም እንዴ? የእኔ ጥቁር በቀኝ ነው፣ የእሱ ቀኝ ግን ነጭ ነው! እስከዚያች ደቂቃ እኔም አላየሁትም ነበር። ቤል 50,000 ዓመት ነው ያሳደደው። በመጨረሻ ፕላኔታቸው ሲደርሱ ሕዝቡ እርስ በርሱ ተላልቆ አንድ ሰው አልቀረም። ከተማው ይነዳል። እነዚያ ሁለቱ ግን ወደዚያው ባዶ ፕላኔት ወርደው መሳደዳቸውን ይቀጥላሉ። ኡሁራ ኪርክን ትጠይቀዋለች፤ ከጥላቻቸው ሌላ ኖሯቸው አያውቅም ማለት ነው? ኪርክም አይደለም፣ የቀረላቸው ግን እሱ ብቻ ነው ይላታል።

ያን ሌሊት አራታችንም ዝም ብለን ተኛን። ከሀገር ለምን እንደወጣን እያንዳንዳችን እናውቃለን። አራታችንም ከአንድ ወገን አልነበርንም።

ስለዚህ ጀማሪዋ፣ ከየትም ጀምሪ፣ ይህንን ግን ለልጅሽ አሳዪያት።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ጋሼ፣ ያሉትን አከብራለሁ፣ ሌሊቱም ታየኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚያ ክፍል የተሳዳጁ የሎካይ ሕዝብ በቤል ሕዝብ ባርነት የኖረ ነው፣ እሱ ራሱ ይናገረዋል። ኪርክ ግን ሁለቱን እኩል ይገሥጻቸዋል፣ ጥላቻችሁን ተዉ ብሎ። ባሪያ የነበረውንና ጌታ የነበረውን እኩል መገሠጽ ፍትሕ ነው? እኔ ዲፕ ስፔስ ናይንን የምመርጠው ለዚህ ነው። በ1998 የወጣው «ፋር ቢዮንድ ዘ ስታርስ» ላይ ሲስኮ ራሱን በ1953 ኒው ዮርክ ያገኘዋል፣ ቤኒ ራስል የሚባል ጥቁር ደራሲ ሆኖ። ስለ አንድ የጠፈር ጣቢያ ጥቁር አዛዥ ጻፈ። አንባቢ ፎቶአችሁን ማየት ይፈልጋል ሲባል እሱ ፎቶው በሚነሳበት ቀን እንዳይመጣ ይነገረዋል። በመጨረሻ የመጽሔቱ ባለቤት ያንን ታሪክ ከሚያወጣ የወሩን እትም በሙሉ አስወገደው። ክፍሉን ያዘጋጀው፣ ሲስኮን የሚጫወተው ኤቨሪ ብሩክስ ራሱ ነው። እዚያ ላይ ማን ማንን እንደበደለ ግልጽ ነው።

ጋሼ መምህር፦
ልክ ነህ ልጄ፣ የ1969ኙ ያንን አጥርቶ አያይም። እኔም ያኔ የታየኝ የእሳቱ ነገር ነው፣ ስለ ሎካይ ባርነት አላሰብኩም። አንተ ያየኸውን ያየሁት ዛሬ ነው። ግን ልብ በል፣ ይህንን ልትነግረኝ የቻልከው ያንን ክፍል ስላየኸው ነው።

ጎንደሬው፦
እኔ የምለው ይህንን ነበር። ደግሞ ኡሁራን የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ልትለቅ ነበር። ደጋግማ እንደተረከችው፣ በአንድ ዝግጅት ላይ ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝቷት ይህንን ቦታ መልቀቅ አትችይም አላት። ልጆቹ አምሽተው እንዲያዩ የሚፈቅድላቸው ብቸኛው ፕሮግራም ይህ እንደነበር ነግሯታል። ቀረች። በኋላ ውፒ ጎልድበርግ ኔክስት ጀነሬሽን ውስጥ ልግባ ያለችው ልጅ ሆና ኡሁራን ስላየች ነው። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የመጣው፤ መሀሉን ስትቆርጪ ገመዱ ይላላል።

ነርሷ፦
ገመዱን ማንም አልቆረጠም። እኔ አሁንም የማንን ልጅ ቢሆን «ኮድ ኦፍ ኦነር» ፊት አላስቀምጥም። ግን ጋሼ ያሉት ልቤን ነክቶታል።

ጀማሪዋ፦
አመሰግናችኋለሁ። ሁሉንም አንብቤ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዘለልነው። በሁለተኛው ሲዝን «ዘ ሜዠር ኦፍ ኤ ማን» የሚባለውን አየን፤ ሰው ሠራሹ ዴታ ንብረት ነው ወይስ ሰው ተብሎ ፍርድ ቤት የሚቆምበት። ራይከር ጓደኛው ሆኖ ሳለ በግድ ከሳሽ ይሆናል፤ ዴታ ማሽን መሆኑን ለማሳየት እጁን ነቅሎ ያነሳዋል፣ ኋላም ያጠፋዋል። ልጄ ፊቷን በትራስ ሸፈነች። ጎልድበርግ ለአዛዡ ለፒካርድ በእርጋታ፣ የፈለጉትን የሚያሠሯቸው፣ ቢጠፉ የማያሳስቡ ሰዎች በታሪክ ሁልጊዜ ነበሩ ስትለው፣ ልጄ ከፒካርድ ቀድማ «ባርነት ነው የምትለው!» አለች። ያን ጊዜ ይህች ልጅ ከማስበው በላይ እንደሚገባት አየሁ።

በማግስቱ ራሷ «ያኛውን እንጨርሰው» አለችኝ። እያቆምን አየነው። የመርከቧ መኮንን ጆርዲ ላ ፎርጅ ጺሙን ሲላጭ ዴታ ቀልድ ሊነግረው የሚሞክርባት ትንሽ ትዕይንት አለች። ልጄ እዚያ ጋ አስቆመችኝና «ይህ ሰውዬም ጥቁር ነው። ስለ እነዚያ ሰዎች ምን እንደተሰማው ለምን አንድም ሰው አይጠይቀውም?» አለች። ላ ፎርጅ በታሪኩ ውስጥ የተወለደው ሞቃዲሾ እንደሆነ ነገርኳት፣ ጎረቤታችን ማለት ነው። ደግማ አየችው። ነርሷ እህቴ፣ ክፍሉ ቁም ነገር የለውም ያልሽው እውነትሽን ነው፤ ጥያቄው የመጣው ከልጅቷ ነው።

ከዚያ የጠለፋው ቦታ መጣ። አስቆምኩትና ስለ አክስቴ ነገርኳት። ስንት ዓመቷ እንደነበር፣ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ እንደቀረች፣ ሽማግሌዎች በሳምንቱ መጥተው እንዳስታረቁ። ልጄ ስክሪኑ ላይ የቆመችውን መርከብ እያየች ዝም አለች። ፒካርድ ታሻን ሳይዝ አልሄደም፤ እዚያው ሲዞር ነበር።

«አክስትሽንስ ማን መጣላት?» አለችኝ።

ማንም አልኳት።