ለቲንክፓድ ቲ480 በተመጣጣኝ ዋጋ ራም፦ የትኛውን ልግዛ?

የአርክቴክቸር ተማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው፤ ኮር አይ5 8ኛ ትውልድ፣ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ፣ 8 ጂቢ ራም። አውቶካድና ሬቪትን ከክሮም ጋር አንድ ላይ ስከፍት በጣም ይንቀራፈፋል። ታስክ ማኔጀር ላይ ሳይ ሜሞሪው (ራሙ) 93 በመቶ ደርሶ ይቆማል። ወደ 16 ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ማውጣት ግን አልችልም።

ቴሌግራም ላይ «ዲዲአር4 8 ጂቢ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ሞልተዋል (ዲዲአር4 የራሙ ትውልድ ነው)። አንዱ 2400፣ ሌላው 2666፣ ሌላው ደግሞ 3200 ይላል፤ ዋጋውም ከሻጭ ሻጭ ይለያያል። የትኛው ይሆነኛል? ያገለገለ ብገዛስ? ባለው ላይ 8 ልጨምር ወይስ አውጥቼ አንድ ባለ 16 ልግጠም? ራሴ መግጠምስ እችላለሁ?

ብሎን ፈቺ

እህቴ፣ ማሽንሽ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ቲ480 ሁለት የራም ስሎት (መሰኪያ) አለው፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ራም የለውም። ስሙ በአንድ ፊደል የሚለየው ቲ480ኤስ ግን ሌላ ነው፤ ከፊሉ ራም ተበይዶ ስለሚመጣ ስሎቱ አንድ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል፤ ስለዚህ ብር ከማውጣትሽ በፊት ከሥር ያለውን ጽሑፍ አንብበሽ አረጋግጪ።

ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚና ታስክ ማኔጀርን ክፈቺ፤ «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ» በዪ። ከታች በኩል «ስሎትስ ዩዝድ» የሚል አለ። «1 ኦፍ 2» ካለ አንድ ባለ 8 ተገጥሞ ሌላው ስሎት ባዶ ነው፤ አንድ ፍሬ ባለ 8 መግዛት ይበቃሻል። «2 ኦፍ 2» ካለ ሁለት ባለ 4 ናቸው ማለት ነው። ያኔ አንዱን አውጥተሽ ባለ 8 ብትተኪ 12 እንጂ 16 አይሆንልሽም። እዚያው «ፎርም ፋክተር» የሚለው ላይ «ሶዲም» መጻፍ አለበት፤ ስሎት ላይ የሚሰካ የላፕቶፕ ራም ማለት ነው። «ሮው ኦፍ ቺፕስ» የሚል ላፕቶፕ የገጠማችሁ ሌሎች አንባቢዎች ካላችሁ፣ ያ የተበየደ ራም ነው፤ ስሎት ስለመኖሩ ሳታረጋግጡ ምንም አትግዙ።

ስለ ፍጥነቱ፦ የቲ480 ፕሮሰሰር ራምን የሚያሠራው እስከ 2400 ነው። 2666 ወይም 3200 ብትገጥሚ ወደ 2400 ዝቅ ብሎ ይሠራል። ስለዚህ ለቁጥሩ ተጨማሪ ብር አትክፈዪ። ከሦስቱ ርካሹንና ጤነኛውን ውሰጂ።

8 መጨመር ወይስ አንድ 16? ለአንቺ ሥራ 8 በ8 ይሻላል፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ላፕቶፕሽ የተለየ የግራፊክስ ካርድ ከሌለው (አብዛኛው ቲ480 የለውም) የኢንቴሉ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዚሁ ራም ይበደራል። ሁለት እኩል ፍሬ ሲገጠም ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያነባል፤ ይህም ዱዋል ቻናል ይባላል። ሬቪት ላይ ሕንፃውን በሦስት ገጽታ ስታዞሪ ልዩነቱ ይታወቃል። አንድ ባለ 16 ብቻውን ሲገጠም ግን ግማሹ መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው።

ወደፊት 32 የመድረስ ሐሳብ ካለሽ ሌላ መንገድ አለ። አሁን አንድ ባለ 16 ገዝተሽ አሁን ካለው ባለ 8 ጎን አስገቢው፤ 24 ይሆናል። ከ24ቱ 16ቱ በዱዋል ቻናል፣ የቀረው 8 በነጠላ ይሠራል። በኋላ ባለ 8ቱን በባለ 16 ትተኪዋለሽ።

ሌብል አንባቢ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ ግዢው ላይ ልጨምር፤ ብር የሚጠፋው እዚያ ነውና።

ሻጩን «ስንት ነው?» ከማለትሽ በፊት የራሙን ሌብል በቅርብ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልሽ ጠይቂ። ከማስታወቂያው ጽሑፍ ይልቅ ሌብሉን እመኚ። እንዲህ የሚል መስመር ታገኛለሽ፦ «8ጂቢ 1አርኤክስ8 ፒሲ4-2400ቲ» (8GB 1Rx8 PC4-2400T)። ፒሲ4 ማለት ዲዲአር4 ነው። ከቁጥሩ በኋላ ያለው ፊደል ፍጥነቱን ይደግመዋል፦ ፒ 2133፣ ቲ 2400፣ ቪ 2666፣ ድርብ ኤ 3200። አንዳንዱ ሌብል ፒሲ4-19200 ብሎ ይጽፋል፤ ለ8 አካፍዪው፣ 2400 ነው። 21300 ደግሞ 2666፣ 25600 ደግሞ 3200።

«1አርኤክስ8» የሚለው ለማጣሪያም ይጠቅማል። ባለ 1አርኤክስ8 የላፕቶፕ ራም 8 ጥቁር ቺፕ አለው፤ ባለ 2አርኤክስ8 በሁለቱም ፊት ተደምሮ 16፤ ባለ 1አርኤክስ16 ደግሞ 4 ብቻ። ፍሬውን ገልብጠሽ ቁጠሪ። ሌብሉ 2አርኤክስ8 እያለ 8 ቺፕ ብቻ ካየሽ ሌብሉ የሌላ ራም ነው፤ ተዪው። ባለ 4 ቺፑ ከባለ 8 ቺፑ በጥቂቱ ይዘገያል እንጂ ችግር የለበትም፤ ርካሽ ከሆነ ግዢው።

ሳምሰንግ ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ አለ። የላፕቶፕ ራሙ ኮድ በኤም471 ይጀምራል። በኤም378 የሚጀምረው የዴስክቶፕ ነው። የኮዱ መጨረሻ ሲአርሲ ከሆነ 2400፣ ሲቲዲ ከሆነ 2666፣ ሲደብሊውኢ ከሆነ 3200 ነው።

በጣም የረከሰ ማስታወቂያ ስታዪ መጀመሪያ ርዝመቱን ጠይቂ። የላፕቶፕ ራም 7 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የዴስክቶፑ 13 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለቱም «ዲዲአር4 8 ጂቢ» ተብለው ይሸጣሉ። ከሰርቨር የወጣ ራምም ይሸጣል፤ ላፕቶፕ ውስጥ ግን አይገባም።

ያገለገለ ግዢ ወይ? አዎ፣ ያለ ስጋት። ራም እንደ ባትሪ ወይም እንደ ኤስኤስዲ በአገልግሎት ብዛት የሚያልቅ ነገር አይደለም። ስክሪኑ ከተሰበረ ወይም ማዘርቦርዱ ከሞተ ላፕቶፕ የወጣ ሳምሰንግ፣ ሃይኒክስ ወይም ማይክሮን፣ ስሙ ከማይታወቅ «አዲስ» ራም ይሻላል። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ፣ ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች ስላዞሩ የአዲስ ራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ተሰቅሏል። ሆኖም ደረሰኝ ላይ «ካልሠራ በሳምንት ውስጥ ይቀየራል» ብለው እንዲጽፉልሽ አድርጊ። የቃል ዋስትና ዋጋ የለውም።

ድሮ 840

ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። የእኔ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 ነው፤ 4 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ። ፒችትሪና ኤክሴል ብቻ ነው የምሠራበት። 8 ብጨምርበት ይፈጥንልኛል?

ሌብል አንባቢ

ወንድሜ፣ ያንተ ዲዲአር3ኤል ነው፤ ከዲዲአር4 በፊት የነበረው ትውልድ። ሌብሉ ላይ «ፒሲ3ኤል-12800ኤስ» የሚል ፈልግ። ኤሏ ወሳኝ ናት፤ በ1.35 ቮልት ይሠራል ማለት ነው። ያለ ኤል «ፒሲ3» ብቻ የሚለው 1.5 ቮልት ይፈልጋል፤ ቅርጹ አንድ ስለሆነ ስሎቱ ውስጥ ይገባል፣ ነገር ግን እንዳንተው 4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን አንድም አይነሳም፣ ከተነሳም አይታመንም። ዲዲአር4 ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም፤ መሐሉ ላይ ያለችው ቁርጥ ቦታዋ የተለየ ነው። «ትንሽ ጫን ብትለው ይገባል» የሚልህ ካለ እጁን ያዘው።

ጣሪያህ 8 በ8፣ በድምሩ 16 ነው። አንድ ፍሬ ባለ 16 ዲዲአር3 ቢሸጡልህ አይሠራልህም።

ላንተ ሥራ ግን ቅደም ተከተሉን እለውጠዋለሁ። ታስክ ማኔጀር ላይ «ዲስክ» የሚለው ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ 100 በመቶ ደርሶ የሚቆይ ከሆነ ዋናው በሽታ ሃርድ ዲስኩ ነው። መጀመሪያ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ አስገባ፤ 240 ወይም 256 ጂቢ ይበቃሃል። ራሙን በሁለተኛ ደረጃ 8 አድርሰው። ከመግዛትህ በፊትም ሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» ብለህ «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን እይ፤ ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ምንም ያህል ራም ብትገጥም ከ4 ጂቢ በላይ አይጠቀምም።

ብሎን ፈቺ

ወደ ቲ480 አገጣጠም ልመለስ። የሚያስፈልግሽ ትንሽ ባለ መስቀል ጠመንጃ መፍቻና ያለቀ የሞባይል ካርድ የመሰለ ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ፋይሎችሽን አስቀድመሽ ፍላሽ ላይ ገልብጪ።

ቲ480 ሁለት ባትሪ እንዳለው አትርሺ፤ ከኋላ የሚወጣውና ውስጥ የተቀበረው። የኋላውን ብቻ አውጥቶ ሥራ መጀመር የተለመደ ስህተት ነው፤ ቦርዱ አሁንም ኤሌክትሪክ አለው። ስለዚህ ቻርጀሩን ንቀዪ፤ ሪስታርት አድርጊና የሌኖቮ ምልክት ሲመጣ ኤፍ1ን ተጫኚ። «ኮንፊግ»፣ ከዚያ «ፓወር»፣ ከዚያ «ዲሴብል ቢልት-ኢን ባተሪ» የሚለውን መርጠሽ «የስ» በዪ። ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። አሁን የኋላውን ባትሪ አውጪ፤ እስኪቀዘቅዝም ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ።

ከሥር ያሉትን ብሎኖች አላልተሽ ተዪያቸው፤ ከክዳኑ ጋር ተያይዘው ስለሚቀሩ ነቅለሽ ለማውጣት አትታገዪ። ክዳኑን ፕላስቲኩን በጠርዙ እያስገባሽ ቀስ በቀስ ክፈቺ። ቻክ ቻክ ይላል፤ የክሊፖቹ ድምፅ ነው። ቢላዋ ወይም መፍቻ አታስገቢ፤ ጠርዙን ይበላዋል፣ ከገባም ቦርዱን ይቧጭራል።

ራሙን ከመንካትሽ በፊት ቀለም የሌለው ብረት ንኪ፤ ሱፍ ልብስ ለብሰሽ ምንጣፍ ላይ አትሥሪ። ፍሬውን ጫፍና ጫፉን ያዢ፤ ወርቃማውን ጥርስ በጣት አትንኪ። ቁርጧን ከስሎቱ ጉጥ ጋር አስተካክለሽ 30 ዲግሪ ያህል አጋድመሽ እስከ መጨረሻው ግፊ። በትክክል ከገባ ወርቃማው መስመር ከጥቂት ክር በቀር አይታይም። ከዚያ ሁለቱ የጎን ክሊፖች ቀጭ እስኪሉ ወደ ታች ተጫኚው። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በደንብ ሳይገፋ ወደ ታች ሲጫኑት ክሊፑ ይይዛል፣ ጥርሱ ግን በግማሽ ብቻ ይነካል።

ክዳኑን መልሰሽ ቻርጀሩን ስትሰኪ የውስጡ ባትሪ በራሱ ይነቃል። መጀመሪያ ስትከፍቺው ስክሪኑ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ቢቆይ አትደንግጪ፤ አዲሱን ራም እየለካው ነው። ቶሎ አታጥፊው፤ ሁለት ደቂቃ ስጪው።

ከዚያም ካልተነሳ፦ አዲሱን አውጥተሽ በድሮው ብቻ ሞክሪ። ተነሳ? አዲሱን ብቻውን፣ ድሮው በነበረበት ስሎት አስገቢው። እዚያ ከሠራ ራሙ ደህና ነው፤ ችግሩ ሁለተኛው ስሎት ወይም የሁለቱ አለመግባባት ነው። እዚያም ካልሠራ ጥርሱን በነጭ ላጲስ በቀስታ ጥረጊ፤ ብናኙን አራግፊ፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገሽ አድርቂና አንድ ጊዜ ድገሚ። ካልሆነ መልሺው።

የአርክቴክቸር ተማሪዋ

በጣም አመሰግናለሁ። አየሁት፦ «1 ኦፍ 2»፣ «ሶዲም»፣ 2400። ሻጩ ሱቅ መጥተሽ ገጥመሽ ውሰጂ ብሏል። እዚያው ምን ላረጋግጥ? እህቴም ዋሽንግተን ስላለች ከዚያ ብትልክልኝ ይሻላል?

ሌብል አንባቢ

ሱቅ መግጠም ከቻልሽ ከእህትሽ ይልቅ እሱ ይሻላል። ከዋሽንግተን የመጣ ራም ባይሠራ መመለሻ ጊዜው መንገድ ላይ ያልቃል። በሰው እጅ የምታስልኪ ከሆነ ደግሞ ያንቺን የድሮውን ሌብል ፎቶ አንስተሽ ላኪላት፤ ብርማው ከረጢት ውስጥ እንዳለ ይምጣ።

ሱቅ ውስጥ፦ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ቀድመሽ ጫኚ። «ኤስፒዲ» (ራሙ ስለራሱ የያዘው መረጃ) የሚለው ገጽ ላይ ስሎት ስትመርጪ የአምራቹ ስምና ኮድ ይወጣል፤ ከሌብሉ ጋር አመሳክሪ። ሌብሉ ሳምሰንግ እያለ ኤስፒዲው ሌላ ስም ካመጣ አትክፈዪ። «ሜሞሪ» የሚለው ገጽ ላይ «ዱዋል» (በአዲሶቹ ሲፒዩ-ዚ «2 x 64-bit») መሆኑንና መጠኑ 16 መሆኑን እዪ። ፍጥነቱ እዚያ 1200 አካባቢ ቢል ትክክል ነው፤ ሲፒዩ-ዚ ግማሹን ነው የሚያሳየው።

ከዚያ ዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብለሽ አስጀምሪው፤ ሪስታርት አድርጎ ይፈትሻል። እዚያው ቁጭ ብለሽ ጨርሺው።

ብሎን ፈቺ

የዊንዶውሱ ፍተሻ ለሱቅ ይበቃል፤ ሁሉንም ስህተት ግን አይዝም። ማታ ቤትሽ ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ ጭነሽ፣ ኤፍ12 ተጭነሽ በፍላሹ አስነሺው። ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ሌሊቱን 4 ዙር ይሂድ። አንድ እንኳ ቀይ መስመር ከወጣ «አንድ ብቻ ናት» ብለሽ አትለፊው፤ የተበላሸ ራም ማሽኑን ከማጥፋቱ በፊት ሴቭ የምታደርጊውን ፋይል በዝምታ ያበላሻል፣ የሬቪት ፕሮጀክትሽም ሳታውቂው ይሄዳል። የስህተቱን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ሳምንቱ ሳያልፍ ለሻጩ ውሰጂለት።